የበረንዳዬ መብራት ስለ እኔ የሚናገረው

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ የሚበራውን አምፖል እፍ ብዬ ለማጥፋት ሞከርኩ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለማንም ሳልናገር ቁርሴን እበላ ነበር። ችግሩ አምፖሉ መጥፋቱ ነው።

እንዲህ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ስወጣ መብራቱ ቦግ ብሎ ጠበቀኝ። ማጥፊያውን ነካሁት፤ አልሰማኝም። ደግሜ ነካሁት፤ አሁንም። ይህ ማጥፊያ እንደ ድሮው ሲጫኑት ቀጭ የሚል አይደለም። ጥቁር መስታወት ነው፤ በጣት ጫፍ የሚዳሰስ። የኔ ጣት ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ጠመኔ ሲይዝ የኖረ ስለሆነ፣ መስታወቱ የሰው ጣት መሆኑን የሚጠራጠር ይመስለኛል። ተናድጄ ወንበር አስጠጋሁ፤ ላዩ ላይ ወጣሁና ከአምፖሉ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ከዚያ እፍ አልኩበት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። በኩራዝ ያደገ ከንፈር ነው፤ እኔን ሳያማክር ሾለ።

አምፖሉ ድርግም አለ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዘወር ስል ልጄ ሰብለ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

ብልህ ሰው ቢሆን «የሸረሪት ድር እያነሣሁ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን ድል ያደረገ ሰው ነኝና፣ «አጠፋሁት» አልኳት።

«በምን?»

«በትንፋሽ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ አምፖሉ ተመልሶ በራ። እዚያ ላይ ዝም ብል አሁንም ተስፋ ነበረኝ። እኔ ደግሜ እፍ አልኩ። አልጠፋም። ጉንጬን ነፍቼ ሰለስኩ። ልጄ ወንበሩን በአንድ እጇ፣ ክንዴን በሌላው ይዛ «ቀስ፣ ቀስ በል» እያለች አወረደችኝ። አወራረዷ ከወንበር ሳይሆን ከሥልጣን የሚያወርዱኝ ዓይነት ነበር።

«ከሰዓት በኋላ አብረን እንሄዳለን» አለች፤ ድምፅዋ ለሕፃን ሲነገር እንደሚለሰልሰው ለስልሶ። «ልብስህን እኔ አዘጋጃለሁ። አንተ አትድከም።»

የምንሄደው አዲስ አበባ ነው። እሷ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ አራተኛ። እዚያ ቤት በረንዳ የሚሉት ነገር የልብስ ማስጫ ነው። ሰው ሊቀመጥበት ቢሞክር ጉልበቱ ውጭ ይቀራል። ጎረቤት በር ዘግቶ ይኖራል፤ ብርዱ በሐምሌ አጥንት ይገባል። አንዴ ከሄድኩ ደግሞ መመለስ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሽማግሌ ለሕክምና ተብሎ ወደ ልጅ ቤት ሲሄድ ጎረቤት የሚሰናበተው ለምን ይመስላችኋል?

ታዲያ ከአምፖል ጋር ምን አጣላኝ? ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ሸዋ ሮቢትን ለማታውቁ፣ እዚህ አገር ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከሰው ተጣልቷል። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ስለዚህ ኑሯችን በረንዳ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ደግሞ መብራት በደንብ ካበሩ፣ በዙሪያችን ካለው የቀወት ማሳ ነፍሳት ሁሉ ጥሪ የደረሰው ይመስል ግልብጥ ብሎ ይመጣል። አንገትጌ ውስጥ ይገባል፣ ሻይ ውስጥ ይዋኛል። አንዱን ሲያባርሩ ሌላው አፍ ውስጥ ይገባል። እኔ በዚህ መንገድ የበላሁትን ያህል ሥጋ ከሥጋ ቤት አልገዛሁም።

መድኃኒቱን ያገኘሁት አስፋልቱ ዳር ካለ ሱቅ ነው። ብርሃን መቀነሻ ነው፤ ባለ ሱቁ ዲመር ይለዋል። እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የምትዞር ክብ ነገር ናት። ወደ ግራ ሲያዞሯት ብርሃኑ ይደክማል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ይበረታል። ከበሩ ጎን፣ በውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ አስገጠምኳት። ማታ ማታ ብርሃኑን የቀጭን ሻይ ቀለም እስኪያወጣ ዝቅ አደርግና ቁጭ እላለሁ። ነፍሳቱ «ይሄ ሰውዬ ደኸየ» ብለው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። የሰብለ እናት ካረፈች ወዲህ እንደዚያች ክብ ነገር የታዘዘልኝ የለም።

ለፋሲካ ሰብለ መጣች። ከቦርሳዋ ያንን ጥቁር መስታወት አወጣች።

«ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ነው አባዬ። ከስልኬ ጋር ይገናኛል። ስታበራ ‹በራ› ይለኛል፣ ስታጠፋ ‹ጠፋ› ይለኛል። በቃ፣ ከእንግዲህ ሐሳብ የለብኝም።»

ከሱ ጋር የኢንተርኔት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ጋር አዲስ አምፖል አመጣች። ፊቷን አየሁት። ልጅ ሆና የሠራችውን ሥዕል ስታሳየኝ የነበረው ፊት ነው። ማን አባቱ ነው «እኔ ክብ ነገር አለችኝ» የሚለው? «እሰይ፣ ተባረኪ» አልኩ። እሷ ሥራ ስለነበረባት ሳታስገጥመው ተመለሰች፤ ብሩክን ጠርቼ እንዳስገጥም ተስማማን።

ብሩክ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ተማሪዬም ነበር። ይህ ማለት ኤሌክትሪክን የተማረው ከኔ ነው ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ችሎታው መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ኤሌክትሪክን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በጠመኔ የሳልኩት መብራት አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ሽቦ ግን ነክቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄን ለማስገባት ያችን ማውጣት ነው» አለኝ ብሩክ፣ ዲመሯን እያሳየ።

«ሁለቱም ቢኖሩስ?»

ጭንቅላቱን አከከ። ይህን አስተካከክ ከክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መልሱን የማያውቅ ተማሪ አስተካከክ ነው። ግን እኔ የልጄን ስጦታ እንቢ ማለት እንደከበደኝ፣ እሱም አስተማሪውን እንቢ ማለት ከበደው።

«ይኑሩ ጋሼ። ተከታትለው በአንድ መስመር ይቀመጣሉ። ይግባባሉ።»

«በል እንግዲህ ይሄ በኔና ባንተ መሃል ይቅር። ሰብለ ከሰማች ስጦታዬን ናቀ ትለኛለች።»

«ጋሼ ይሙቱ፣ ከአፌ አይወጣም» አለ። እኔም ዲመሯ ላይ የዓመቱን ካሌንደር ሰቀልኩባት።

አልተግባቡም። ማብሪያው ራሱ የሚኖረው በዚያው መስመር በሚመጣው መብራት ኖሯል። እኔ በዲመሯ ስቀንስበት ቀለቡ ይቀንስና ነፍሱን ይስታል። ነፍሱ ሲመለስ ደግሞ መኖሩን ለማሳወቅ አምፖሉን ቦግ ያደርገዋል። አምፖሉም ለዲመር የተሠራ አይደለም መሰለኝ፣ ብርሃኑ ሲደክም ዛር እንዳለበት ሰው ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ አጥፍቼው እንኳ በጨለማ ውስጥ የአይጥ ዓይን የምታክል ብርሃን ያፈጥብኛል። ማብሪያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ሳይጨምር አዲስ አበባ ያደርሳል፦ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ።

ሰው ቢሆን ኖሮ ብሩክን ጠርቶ ያስፈታው ነበር። ያላስፈታሁበትን ምክንያት አሁን እነግራችኋለሁ፤ ሳቁ እዚህ ላይ ትንሽ ይቀንሳል።

ሰብለ ድሮ በየማታው ትደውል ነበር። ጥያቄዎቿ አይለወጡም፤ በላህ ወይ፣ መድኃኒትህን ዋጥህ ወይ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው። መልሶቼም አይለወጡም። ለሌላ ሰው አሰልቺ ወሬ ነው። እኔ ግን ለዚያ ወሬ ፊቴን ታጥቤ እቀመጥ ነበር። ማብሪያው ከገባ በኋላ ስልኬ ዝም አለ። ለምን ትደውል? ማታ መብራቱ ሲበራ አባቷ በረንዳ ላይ ነው፤ ሲጠፋ አባቷ ተኝቷል። እኔን የምትጠይቀውን ሁሉ አምፖሉ መለሰላት። በስተርጅና ደህንነቴን የሚናገርልኝ አምፖል ሳገኝ፣ ድምፄ ጡረታ ወጣ።

ከዚያ አንድ ማታ መብራቱ ያ ዛሩ ተነሣበት። ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? ምን ነካህ? ለምንድን ነው የምታበራ የምታጠፋው?»

«ምንም አልሆንኩም። እንዴት ነሽ?»

ድንጋጤዋ ሲበርድላት ብዙ አወራን። ስለ አለቃዋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ እናቷ ትሠራው ስለነበረ የማሾ ወጥ ሳይቀር አወራን። ስልኩ ሲዘጋ ጆሮዬ ግሎ ነበር።

በማግስቱ ማታ እጄ በራሱ ጊዜ ካሌንደሩ ሥር ገባ። ዲመሯ ከመሃል ጥቂት ዝቅ ስትል መብራቱ መዝለል ይጀምራል። አዞርኳት። ዘለለ። ስልኬ ጮኸ።

አያችሁ ይህን ጨዋታ? መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። በኋላ እሑድን ጨመርኩ፤ በኋላ ቀን የከፋኝን ማታ ሁሉ ጨመርኩ። ሰው ልጁን በስሟ ይጠራል፣ እኔ በክብ ነገር እጠራት ጀመር። እሷ «ለምን አበራህ?» ስትል እኔ «አላበራሁም፣ እሱ ራሱ ነው» እላለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየማታው ለልጁ የሚናገር ሽማግሌ ምን እንደሚመስል ያኔ አልታየኝም። ቀስ በቀስ ጥያቄዎቿ ተለወጡ። «አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለችኝ አንድ ማታ። ቀኑን ልነግራት ካሌንደሩን ገለጥ ሳደርግ ዲመሯን አየሁ፤ ሳቅ አመለጠኝና መልሱን ረሳሁት። «በቃ፣ ደህና እደር» ብላ ዘጋችው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳትነግረኝ መጣች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አምፖል እፍ ስል አገኘችኝ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ለሐኪም የሚቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

ቁርስ ላይ ጠበቃነቴን ጀመርኩ።

«ያበደው አምፖሉ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«አምፖል አያብድም አባዬ።»

«ብሩክ ይምጣ። ያስገባው እሱ ነው፤ ይመርምረው።»

ዲመሯን በራሴ አፍ ማውጣት አልፈለግሁም። ካሌንደሩን ከገለጥኩት ሁለቱም ነገር ይወጣል፤ ስጦታዋን ከጀርባ መውጋቴም፣ በየማታው ማስደንገጤም። ብሩክ እንደ ባለሙያ «መስመሩ ተበላሽቷል» ቢል እኔም ጤነኛ፣ እሷም ያልተናቀች ሆነን እንለያያለን ብዬ ነበር።

ብሩክ መጣ። ፈታ፣ አየ፣ መልሶ አሰረ። ሰብለ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«እህስ?» አለችው።

ብሩክ በጎን አየኝና ደረቱን ነፋ። ቃሉን አስታውሷል። «መስመሩ ጤነኛ ነው» አላት። «ካንቺ ማብሪያ በስተቀር ምንም ነገር የለበትም። ጋሼ ሌላ ምንም አላስገቡም።»

«ሌላ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ?»

«የለም ነው የምልሽ።»

ከሷ ጀርባ ሆኜ ጠቀስኩት። አልገባውም። ጠበቅ አድርጌ በሁለቱም ዓይኔ ጠቀስኩት።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ምን ነካው?» አለ ጮክ ብሎ።

ሰብለ ዘወር አለችና አየችኝ። «ዓይኑም ይርገበገባል?» አለችው እሱን፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። ታማኝ ሰው በሕይወቴ ፈልጌ አላገኘሁም ነበር፤ ዛሬ በማይፈለግበት ሰዓት ተገኘ።

ብሩክ መሣሪያውን እየሰበሰበ ሳለ ሻንጣው አልጋ ላይ ተዘረጋ። እዚህ አገር ላለ ሰው ጥቅም የሌለውን ኮቴን ከሣጥን አወጣች። ነጠላ ጫማዬን በጋዜጣ ጠቀለለች። የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ በሸሚዞቼ መሃል አስገባች። ፎቶው የነበረበት ቦታ ቀለሙ ሳይደበዝዝ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። እኔ ያን እያየሁ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ። ያበድኩ መስዬ መሄድ ይሻላል ወይስ ልጄን በድንጋጤ ስጫወትባት የከረምኩ ሆኜ መቅረት? እያመዛዘንኩ እያለ እትዬ ዘሀራ ፓፓያ ይዛ ገባች።

እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤቴ ናት። አጥራችን ዝቅተኛ ነው፤ የሷ ዓይን ደግሞ ከፍተኛ ነው።

«መምህርን ልትወስጃቸው ነው አሉ» አለች፣ ፓፓያውን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠች። «ምን ሆኑና?»

ሰብለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጤንነቱ… መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ከዚያ አላበራሁም ይላል።»

«እሱ ነው?» እትዬ ዘሀራ ሳቀች። «ልጄ፣ ወላሂ አባትሽ ከኔም ካንቺም ጤነኛ ናቸው። በየማታው ቁጭ ብዬ በክፍቱ በር አያቸዋለሁ እኮ። እጃቸውን እዚያ ካሌንደር ሥር ይሰዳሉ፣ መብራቱ ይጨፍራል። ከዚያ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ስልኩ ሲጮኽ ፀጉራቸውን አስተካክለው ነው የሚያነሡት። እኔማ መብራት አምሯቸው ነው እል ነበር።»

ፀጉር እንኳ የለኝም። ልማዱ ነው ያለው።

ሰብለ ካሌንደሩን አነሣችው። ዲመሯ ክብ ብላ ተቀምጣለች። በሁለት ጣቷ ያዘቻትና ቀስ አድርጋ አዞረቻት። በረንዳው ላይ ያለው አምፖል መዝለል ጀመረ። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ተንጫጫ። አውጥታ አየችው። ብሩክ ኮርኒሱን ተመለከተ። እትዬ ዘሀራ የሆነ ነገር እንደሰበረች ገብቷት፣ «ምጣድ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ምጣድ እንዳልጣደች ሁላችንም እናውቃለን።

«ስንት ጊዜ ከስብሰባ አቋርጬ ወጣሁ» አለች ሰብለ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ማታ ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አባቴ ጠፋብኝ ብዬ።»

«ይቅርታ።»

«ለምን አልደወልክም? ስልክ አለህ።»

«ስደውልማ ‹አባዬ፣ ቆይ መልሼ ልደውልልህ› ትያለሽ።»

«መልሼ እደውላለሁ እኮ።»

ራሷ የተናገረችውን መልሳ የሰማችው መሰለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች።

«እረሳዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ፤ ሥራ አለብሽ።»

ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ መውጣት አለበት። የቱን ላውጣ?»

«የኔን አውጣው» አልኩ።

«የኔን» አለች ሰብለ።

«የሷ ይቆይ ስልህ።»

«ብሩክ፣ መስታወቱን ፍታልኝ» አለች፣ እኔን ሳታይ። ፈታው። ቦታው ላይ ያንን ቀጭ የሚለውን የድሮ ማጥፊያ መለሰበት። እሷ ጥቁሩን መስታወት በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተዪው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሙቀቱን የምተነፍስ መስዬ ዘጋሁት። ልብሴን ከሻንጣው አውጥታ አልጋው ላይ ቆለለችው፤ አላጠፈችውም። የእናቷን ፎቶ ግን መልሳ ሰቀለችው።

መቅረቴ ተፈረደልኝ ማለት ነው። አሸነፍኩ። እንደዚህ ያለ ድል በጠላቴም አይድረስ።

እስከ አስፋልቱ በባጃጅ ሸኘኋት። መኪና ስንጠብቅ አንገቴ ሥር ያለውን ቁልፍ ቆለፈችልኝ፤ በዚያ ሙቀት።

«ስትገቢ ደውዪልኝ» አልኳት።

«አልደውልም።»

«ምነው?»

«እስካሁን በከንቱ የደወልኩት ይበቃኛል። አሁን ተራው ያንተ ነው። አንተ ደውለህ ‹ገባሽ ወይ› በለኝ። እንደ ሰው።»

መኪናው መጣ። በመስኮቱ እጇን አወጣች፤ አውለበለበችው ወይስ ፀሐዩን ከለለችበት፣ አልለየሁትም።

አሁን መሽቷል፤ በረንዳዬ ላይ ነኝ። መብራቱ የቀጭን ሻይ ቀለም አውጥቶ ጸጥ ብሏል። አይንቀጠቀጥም፣ አያፈጥም፣ ስለ እኔም ለማንም አይናገርም። ብተኛ፣ ብነሣ፣ ከወንበር ብወድቅ፣ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ነፍሳት የሉም።

ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። ደብረ ሲናን አልፋለች ብዬ ስገምት ዳገቱ ላይ ስልክ አይሠራም አልኩ። ደብረ ብርሃንን አልፋለች ብዬ ስገምት እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል አልኩ። አሁን ገብታለች ብዬ ስገምት ደግሞ ድካሟን ትወጣ አልኩ። ልጄ ብትሆንም «ቆይ መልሼ ልደውል» እንዳትለኝ መፍራቴን ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው።

«መምህር፣ ደወሉ?» አለችኝ እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ወዲያ።

«እየጻፍኩ ነው» አልኳት።

«ለማን?»

ለእናንተ ነበር። ሲጻፍ የመደወያው ሰዓት የሚያልፍ መስሎኝ ይኸው እዚህ ደረስኩ፤ የምጽፈውም አለቀ። የልጄ አንዲት «ገባሽ ወይ» ግን እስካሁን ዕዳ ሆና እኔ ላይ ናት።